ንቃት

አክረን፣ ኦሃዮ፤ የድሮ ጎማ ፋብሪካ ምድር ቤት፣
ቱቦው ሁሉ ላብ የሚያወርድበት፣
ሎሬታ ሳቦ ጠመንጃ ታጎርሳለች።
ጥይቷ የብረት ጠጠር ናት፣ ከምስር ታንሳለች፤
ባሩዷ የታመቀ ሂሊየም፤
ዒላማዋም ሰው አይደለም፣ ወፍም አይደለም፣
ጥቁር ገበታ ናት፣ ከመዳፌ የምታንስ።
ሴራሚክ ይሏታል፤ ሸክላ ናት፣
በሸክላ ክር የተሸመነች፣
ነገ ሞተር ውስጥ እሳት ፊት የምትቆም፣
ብረት በሚለሰልስበት ሙቀት የማትለሰልስ።

«ዝግጁ?» ትለኛለች።
«ዝግጁ» እላለሁ፤ ጆሮዬን በጣቶቼ እደፍናለሁ።

ጧ!

ያ ነው። ከዚያ የማራገቢያው ማጉረምረም።
ይህ ምት አንዴ ነው፤ የግጥም ምት አይደለም፣ አይደገምም።

መዝገቡን የምሞላው እኔ ነኝ።
ፊቷን አያለሁ፤ ነጥብ፤ ዝንብ ያረፈችባት ያህል።
ልምድ የሌለው «ምንም አልሆነችም» ይላል፣
እኔም በመጀመሪያው ዓመት ብያለሁ።
ገልብጣት፤
ጉዱ ያለው ከጀርባዋ ነው፤
እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ስንጥቅ፣
አንዱ ድርብ ከሌላው ድርብ ተላቅቆ።
ክሮቹ ግን፣
ክሮቹ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ይዘዋል፤
አንዱ ሲበጠስ ሌላው ጭነቱን ተቀብሎ
«ገና ነው፣ ገና ነው» ብሎ።
ለዚህ ነው በአንድ ምት ገል የማትሆነው።
ግን ስንጥቅ ባለበት አየር ይገባል፣
ከአየሩ ጋር እሳት፤
ክሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ድምፅ ሳያሰማ።

በእኛ ቋንቋ ሸክላ ሲሰነጠቅ «ነቃ» ይባላል።
ሎሬታን ስነግራት፣ «ተኝቶ ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀች።
«ቃሉ አንድ ነው፤ መሰንጠቁም፣ ከእንቅልፍ መነሣቱም።»
ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፣ በራሷ ፊደል፣ አጣማ።

ሐሙስ ጠዋት፣ መኪና ማቆሚያው በረዶ ላይ
ሎሬታ ወደቀች።
ወዲያው ተነሣች፤ ኮፍያዋን አራገፈች፤
ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ፤ ዝንብ ያረፈችባት ያህል።
«ምንም አልሆንኩም» አለች።
ስምንት ምት አለብን፤ ሂሊየሙ ውድ ነው፤
ዓርብ ሪፖርት ይጠብቃሉ።
ሁለት ተኮሰች።
ለሦስተኛው ጠጠሯን አጎረሰች፣
ከዚያ ልታጎርስ ጠጠር ፈለገች።

ያኔ ነው እኔ የነቃሁት።

«ፊቱን አትመኚ፤ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ፤
የተመታ ነገር የሚጠየቀው በጀርባው ነው።»
ተቆጣች። ከአያቷ በወረሰችው የሃንጋሪ ስድብ ሰደበችኝ።
ካፖርቷን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

የሆስፒታሉ ማሽን የእኛው ማሽን ዘመድ ነው፤
ቀለበት፣ ጨረር፣ ቁርጥ ቁርጥ ምስል፤
እኛ ገበታ እናስገባለን፣ እነሱ ሰው።
ሐኪሟ ጥቁርና ነጩን አሳየችኝ፤
ከነጥቡ ማዶ፣ በተቃራኒው ወገን፣ ከአጥንቱ ሥር፣
ቀጭን የደም ጨረቃ።
«በሰዓቱ ደርሳችኋል» አለች።
ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤
ዓይኔ ጃንጥላውን እየፈለገ ነበር።

በግንቦት ተመለሰች፤
ፀጉሯ አጭር፣ ስፌቷ ከጆሮዋ በላይ እንደ ባቡር ሐዲድ።
አንዳንድ ቃል ይጠፋታል፤
ቁልፍን «ያ የሚከፍተው»፣ ሐሙስን «ያ ቀን» ትላለች፤
ሌላ ቃል ተቀብሎ ያሻግራታል።
ከመሳቢያው ሦስተኛዋን ገበታ አወጣች፣ ያልተተኮሰባትን፤
በሳንቲም ነካ አደረገቻት፤ ጥርት ያለ ድምፅ።
ሁለተኛዋን ነካች፤ ደነቆረ።
ከዚያ ሳንቲሙን ወደ ስፌቷ ጫፍ አነሣችና፣
«እኔስ?»

መዝገባችን ለዚህ ዓምድ የለውም።
«ነቅተሻል» አልኳት፣ በአማርኛ።
ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።
ማስታወሻዋን አገላበጠች፣ ገጽ በገጽ፣
ያን አጣማ የጻፈችውን ፍለጋ፤
እኔ የጠመንጃውን በር ዘግቼ፣ ግፊቱን አስተካክዬ ስጨርስ ነው
ከኋላዬ ሳቋን የሰማሁት።